የሠላሳ ሺህ የን ይሉኝታ

ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ትልቁን ጥያቄ ጠይቀውልናል። እኔን ጃፓን ውስጥ በቆየሁበት ዓመት ያስጨነቀኝ ጥያቄ ከዚያ በጣም የሚያንስ ነበር። ሰው ለሰርግ ገንዘብ የሚሰጠው እንዴት ነው? ይኸው ነው ጥያቄው። ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት አልፎትም ግን አልለቀቀኝም።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበርና ለአንድ ዓመት በአንድ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ከክፍሉ ወጣት መምህራን አንዱ ሊያገባ ሆነና የጥሪ ካርድ ላከልኝ። ካርዱ ከመልስ መስጫው ጋር ነው የሚመጣው፤ «እገኛለሁ» ወይም «አልገኝም» የሚለውን መርጦ በፖስታ መመለስ ነው። እዚህ ላይ አንዲት ነገር አለች። መልስ መስጫው ላይ ለተጠሪው ክብር ተብሎ የታተመውን የአክብሮት ፊደል ተጠሪው ራሱ በሁለት መስመር ይሰርዘዋል። «ኧረ እኔ አንቱ የምባል አይደለሁም» እንደማለት ነው። ለሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ይህ ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ይወጣዋል። ሰረዝኩና «እገኛለሁ» አልኩ።

ስጦታው ገንዘብ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ገንዘቡ በፖስታ መሆን እንዳለበትም አውቃለሁ፤ ጃፓኖች ገንዘብን ያለ ፖስታ መስጠትን «ራቁቱን መስጠት» ነው የሚሉት። እናም ሌሊት ተቀን የማይዘጋ ሱቅ ገባሁ። አንድ ግድግዳ ሙሉ ፖስታ ተሰቅሏል። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ በእጅ የተሠራ የሚመስል ወረቀት ነው፤ ወገቡ ላይ ከወረቀት በተገመደ ጠንካራ ክር ታስሯል። አንዱ ቀይና ነጭ፣ አንዱ ወርቅማና ብርማ፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ። ጥቁሩ የለቅሶ እንደሚሆን መገመት አላቃተኝም። ስለዚህ በጣም የሚያምረውን መረጥኩ፤ ወርቅማና ብርማው ክር ተጠማዞ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ሆናለች። ለፖስታው ብቻ ስምንት መቶ የን ከፈልኩ። ውስጡ ደግሞ አስር ሺህ የን ልከትበት አስቤያለሁ። አስር ሺህ የን እንግዲህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ እዚህ አገር ብመነዝረው ኖሮ ቤተሰቤን ለሳምንታት ያሳድር ነበር።

ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ፖስታዬን ለክፍሉ ጸሐፊ አሳየኋት። ጡረታ የተቃረበች፣ ሁሉን የምታውቅ ሴት ናት።

«በጣም ያምራል፣ መምህር» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ስንት ሊከቱበት ነው?»

«አስር ሺህ።»

ዝም አለች። ጃፓን አገር ዝምታ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጥቡ ግን አይታይም። በመጨረሻ «ፖስታው ትንሽ ይበዛበት ይሆን?» አለች። ለካ የፖስታው ጌጥና የውስጡ ገንዘብ መመጣጠን አለባቸው። ያቺ ወፍ የቅርብ ዘመድና የአለቃ ወፍ ናት። የእኔ አስር ሺህ ቀለል ያለ፣ ክሩ የታተመበት ፖስታ ነበር የሚገባው።

ከዚያ ወዲያ ሻይ አፈላችና አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረችኝ። መቼም ሲያስተምር የኖረ ሰው መማር አይወድም፤ ያን ዕለት ግን ማስታወሻ ያዝኩ።

መጀመሪያ ቋጠሮው። ሚዙሂኪ የሚባለው ያ ክር በሰርግ ፖስታ ላይ የሚታሰረው ሊፈታ እንዳይችል ተደርጎ ነው፤ ጫፎቹን ብትጎትቷቸው ይብሱን ይጠብቃሉ። ሰርግ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን ማለት ነው። ልጅ ሲወለድ ወይም ሰው ሲሾም ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ ስቦ የሚፈታው ቋጠሮ ይደረጋል፤ ደስታው ይደጋገም ነውና። የለቅሶውም ፖስታ እንደ ሰርጉ የማይፈታ ነው። ምክንያቱን መንገር አላስፈለጋትም።

ቀጥሎ ከላይ በስተቀኝ የምትታየው ትንሽ የታጠፈች ወረቀት፤ ኖሺ ትባላለች። መሐሏ ላይ ቢጫ ክር መሳይ ነገር አለ። ዱሮ ያ ቢጫ ነገር የባሕር ቀንድ አውጣ ሥጋ ነበር፤ በስሱ ተልጦ፣ ደርቆ፣ ተወጥሮ ከስጦታ ጋር የሚታሰር። ዛሬም በኢሴ ታላቅ መቅደስ የሚቀርበው እውነተኛው ነው፤ ሱቅ ያለው የወረቀት ምስሉ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ስጦታ የሚበላ ነገር በነበረበት ዘመን የነበረው ሽታ ወረቀት ሆኖ እዚያች ማዕዘን ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በለቅሶ ፖስታ ላይ ኖሺ አይደረግም።

ብሩ አዲስ መሆን አለበት፤ ባንክ ሄዶ አስመንዝሮ፣ እጥፋት ያልነካው። «ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር» ማለት ነው። ለለቅሶ ግን በተቃራኒው ያገለገለ ብር ነው የሚከተተው። አዲስ ብር ይዞ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው «ሞቱን ሲጠብቅ ኖሯል» ያሰኛላ! አዲስ ብር ብቻ ያለው ሰው ሆን ብሎ አንድ ጊዜ ያጥፈዋል። የሰርጉ ስም በደማቅ ቀለም ይጻፋል፤ የለቅሶው በቀጠነ ቀለም፣ ዕንባ እንደነካው። የፖስታው ጀርባ እንኳን አስተጣጠፉ ይለያል፤ ለሰርግ የታችኛው እጥፋት ከላይ ይሆናል፣ ደስታው እንዳይፈስ ተቀባይ ነው። ለኀዘን የላይኛው ወደታች ይደፋል።

ቁጥሩም ሕግ አለው። ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ለሰርግ አይመረጥም፤ ባልና ሚስት ይካፈሉታል። አራት ሲጠሩት ሞት ይመስላል፣ ዘጠኝ ሲጠሩት ስቃይ፤ ሁለቱም አይነኩም። ስለዚህ ለወዳጅና ለሥራ ባልደረባ የተለመደው ሠላሳ ሺህ የን ነው። ሁለት መቶ ስልሳ ዶላር ያህል ነበር በዚያን ጊዜ፤ የእኔን የመምህርነት የወር ደመወዝ ይበልጣል።

ያልጠበቅሁት ግን ይህ ነበር። በትልቁ ፖስታ ውስጥ ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ። ትንሹ ላይ ሰጪው የገንዘቡን ልክ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ ስሙንና አድራሻውንም። ቁጥሩም በተለመደው ፊደል አይጻፍም። የጃፓን «አንድ» አንዲት ሰረዝ፣ «ሁለት» ሁለት ሰረዝ፣ «ሦስት» ሦስት ሰረዝ ስለሆነ አንዱን ሦስት ማድረግ ለማንም ቀላል ነው። ስለዚህ መሰረዝና መደለዝ በማይቻለው፣ ብዙ ጭረት ባለው በአሮጌው ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እንደ ባንክ ቼክ።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንደ ቼክ የሚጻፍ፣ ዋጋው የታወቀ፣ በመዝገብ የሚገባ ነገር ስጦታ ነው እንዴ? ይሄ የመግቢያ ቲኬት ነው አልኩ በሆዴ። ወፉም፣ ክሩም፣ ቀንድ አውጣውም ቲኬትነቱን ለመሸፈን የተጠመጠሙ ናቸው። የዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ግብዝነትን መግለጥ ትልቅ ዕውቀት ይመስላል።

ሰርጉ ደረሰ። ሐምራዊ የሐር ጨርቅ ከጸሐፊዋ ተውሼ ፖስታዬን (ቀለል ያለውን) ጠቅልዬ ሄድኩ። መግቢያው ላይ የሙሽሮቹ ጓደኞች ጠረጴዛ ይዘው ቆመዋል። ጨርቁን ፈታሁ፣ ፖስታውን ጽሑፉ ወደነሱ እንዲነበብ አዙሬ በሁለት እጄ ሰጠሁ፣ መዝገቡ ላይ ስሜን ፈረምኩ። ማንም አልከፈተውም። ማንም ልኩን አልጠየቀም፣ በድምፅ ማጉያ የተነገረ ነገርም የለም። ገባሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ንግግር ሰማሁ። ስወጣ ደግሞ ከባድ ከረጢት አሸከሙኝ፤ ለእንግዳ የሚሰጥ መልስ ስጦታ ነው። ቤቴ ሄጄ ስከፍተው ሸክላ ሳህኖችና ኬክ። ያበሉኝና ያሸከሙኝ አንድ ላይ ቢደመር ከሰጠሁት አስር ሺህ እንደሚበልጥ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። ሙሽራውን ባረኩት ብዬ አክስሬው መጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ሰርግ ላይ አንድ ሰው አልነበረም።

ቢሮ የምንጋራ አንድ ወጣት ነበር፤ ቋሚ ያልሆነ፣ በኮርስ እየተከፈለው የሚያስተምር። ከሙሽራው ጋር ከተማሪነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። አንድ ማደሪያ ቤት ኖረዋል፣ አንድ ድስት በልተዋል። እኔ ሙሽራውን ያወቅሁት ገና በሰባተኛው ወር ነው። እኔ ተገኝቼ እሱ የለም። መልስ መስጫው ላይ «አልገኝም» ብሎ፣ እናቴ ስለታመመች አገር ቤት እሄዳለሁ ብሎ ጽፏል አሉ። በሰርጉ ዕለት ማታ ግን ከረጢቴን ተሸክሜ ስመለስ የቢሮአችን መብራት በርቶ አይቻለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ኑድል ቤት ተቀምጠን ሳለን እሱ ራሱ አወጣው። በዚያ ወር ብቻ ሦስት ሰርግ ተጠርቷል። ለአንድ ኮርስ በወር የሚከፈለው ከአንድ ሰርግ ፖስታ ብዙም አይበልጥም። ጃፓኖች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፤ «የሰርግ ስጦታ ድህነት» እንደማለት ነው፤ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ሰው ሁሉ በቀልድ ይጠራዋል። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

«አስር ሺህ ይዘህ ብትመጣስ?» አልኩት። «እኔ እኮ አስር ሺህ ነው የሰጠሁት። ማን ምን አለኝ?»

ፈገግ አለ። «እርስዎ የውጭ ሰው ነዎት» አለኝ። «ባያውቁ ማንም አይቀየምም። እኔ ግን አውቃለሁ። እንደማውቅ ደግሞ እሱ ያውቃል።»

ያን ዕለት ማታ አልተኛሁም ብል ማጋነን ነው፤ ተኝቻለሁ። ግን እስከ ዛሬ ስለ ጨዋነት በተወራ ቁጥር ያ ዓረፍተ ነገር ይመጣብኛል። እኔ ባለማወቄ ገባሁ፤ እሱ በማወቁ ቀረ። ወግ የተሠራው ለሚያውቀው ነው እንላለን። ለካ የሚያውቀውን በር ላይ የሚያስቀረውም ያው ወግ ነው።

ሙሽራውስ? እሱን ደግሞ ብዙ ቆይቼ ጠየቅሁት፤ በወይን ጠጅ ድፍረት። የጓደኛው እናት እንዳልታመመች ያውቃል። ገና ካርዱን ሲያነብ ነው ያወቀው። «ታዲያ ባዶ እጅህን ና ለምን አላልከውም?» አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ የሰጠኝ መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባዶ እጅህን ና ማለት፣ እንደሌለህ አውቃለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ፊት ለፊት ይተያያሉ? ያን የእንግዳ ከረጢት ቤቱ ድረስ ሊወስድለት አስቦ ነበር። ግን ከወሰደለት ልጁ መልሱን መላክ ግድ ይሆንበታል። በሰርጉ ላልተገኘ ሰው ስጦታ መውሰድ ዕዳ ማስያዝ ነው። ስለዚህ ተወው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሦስት ሰዎች አሉ፣ አንዱም ክፉ አይደለም። ሙሽራው ጓደኛውን ላለማሳፈር ዝም አለ። ጓደኛው ሙሽራውን ላለማሳፈር ዋሸ። እኔ ምንም ሳላውቅ ሁለቱ መሐል ተቀምጬ ዓሣ በላሁ። አንድ ጓደኝነት ግን የማይገባው ቀን ላይ አንድ ወንበር ጎደለው።

ማርሴል ሞስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ጥናቱ ስጦታ ሦስት ግዴታ እንዳለበት ያሳያል፤ መስጠት፣ መቀበል፣ መመለስ። ተማሪዎቼን ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ስናስተምረው ግን ሦስቱ እንደ መንኮራኩር እየዞሩ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስሩ መስለው ነበር የሚታዩኝ። መንኮራኩሩ ላይ ለመውጣት የመጀመሪያ ክፍያ የሌለው ሰው የት እንደሚቆም ጠይቄ አላውቅም። አማርኛችን ለዚህ ነገር የተሻለ ቃል አለው፤ ውለታ። ውለታ ስጦታም ነው ብድርም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሰውየው መመለስ ያቃተው ዕለት ነው። በደስታችንም በኀዘናችንም «ብድር መላሽ ያድርገን» የምንለው ለዚህ ይመስለኛል። የሚያስፈራን መስጠቱ አይደለም፤ መመለስ ማቃቱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግብዝነት ነው ያልኩትን አሁን እንደዚያ አልለውም። ያ ባለ ሁለት ሽፋን ፖስታ በጣም የታሰበበት ነገር ነው። ለሕዝቡ ልኩን ይደብቃል፤ ለተቀባዩ በማይሰረዝ ፊደል ይናገራል። ሠላሳ ሺህ ተብሎ የተቆረጠውም ቢሆን ያለው ካለው ጋር በሰው ሰርግ ላይ እንዳይፎካከር ይገድባል፤ ሁሉም ያው ከሆነ ፍቅር በብር አይለካም። ገንዘብ ፊት የለውም፤ ከማንም እጅ ወጥቶ ማንም እጅ ይገባል። ፖስታው ፊት ይሰጠዋል፤ ስም፣ ቋጠሮ፣ የቀን ጥበቃ። የሐር ጨርቁን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል።

እንዲያውም ሳስበው፣ «እናቴ አሟታል» የሚለውም ፖስታ ነው። ልጁ ገንዘብ ስላልነበረው ባዶነቱን በአሮጌው ወግ ጠቅልሎ፣ ጽሑፉ ወደ ሙሽራው እንዲነበብ አዙሮ፣ በሁለት እጁ ሰጠ። ሙሽራውም ሳይከፍት ተቀበለው። ይህን ውሸት ለማለት አፌ አይደፍርም። እውነት ነው ለማለትም አልችልም።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። በሰሜናዊቷ ደሴት በሆካይዶ ሰርግ በአብዛኛው በመዋጮ ነው። የአንድ ሰው ክፍያ ይህን ያህል ነው ተብሎ በጥሪው ላይ ይጻፋል፤ ከሠላሳ ሺህም ያንሳል፤ እንግዳው በር ላይ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል። ራቁቱን! ደረሰኝም ይቆረጥለታል። ይህን የነገረችኝ ያቺው ጸሐፊ ናት፤ «ደረሰኝ» ስትል ፊቷን ያየ ሰው ስለ ሌላ ፕላኔት የምታወራ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ያ ልጅ ሆካይዶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይገኝ ነበር እላለሁ። ዋጋው ቀለል ይላል፣ ቋጠሮም የለው፣ ጌጥም የለው። ግን እርግጠኛ አይደለሁም። የተጻፈ ዋጋ ደግሞ የራሱ ጭካኔ አለው፤ የሌለው ሰው ያልገባኝ መስሎ እንኳን ማለፍ አይችልም።

በነገራችን ላይ፣ ያኔ አስር ሺህ የን ላይ የነበረው የአስተማሪው የፉኩዛዋ ዩኪቺ ምስል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በሺቡሳዋ ኤይቺ ተተካ። ሺቡሳዋ የጃፓን ካፒታሊዝም አባት የሚባለው ነው፤ የኮንፊሽየስን ትምህርትና የነጋዴውን መቁጠሪያ ላስታርቅ ሲል የኖረ። ለሰርግ ፖስታ ከዚህ የተሻለ ምስል ከየት ይመጣል? ጃፓኖች ግን ወዲያው ሌላ ነገር አነሱ። ሰውየው በሴት ወዳድነቱ የታወቀ ስለነበር ምስሉን በሰርግ ፖስታ መክተት ነውር ይሆን ይሆን እንዴ የሚል ወሬ ተነሳ። ቀልድም ይሁን ቁም ነገር፣ ያቺ ጸሐፊ ምን ትል ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጨርስ። በመጋቢት፣ ወደ አገሬ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ያ ልጅ ቢሮ ውስጥ መጽሐፎቼን ሳሽግ ጠበቀኝና ሰዎቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ከቦርሳው ነጭ ፖስታ አወጣ። ለመንገደኛ የሚሰጥ የስንብት ገንዘብ ነው፤ ይህም በጃፓን የቆየ ወግ ነው። ክሩ ቀይና ነጭ፣ ቋጠሮው ግን የሚፈታው ዓይነት ነበር። በሁለት እጁ ሰጠኝ።

አልቀበልም ልለው አፌን ከፈትኩ። እንደሌለው አውቃለሁ። ከዚያ ግን ሙሽራው ትዝ አለኝ። አልቀበልም ብል ምን ብዬ እንደነገርኩት እሱ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ እኔም አውቃለሁ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ጎንበስ አልኩ።

ቤቴ ሄጄ ክሩን ሳብ ሳደርገው ተፈታ። ትንሹ ፖስታ ላይ በአሮጌው ፊደል አምስት ሺህ የን ተጽፏል። ጃፓን አገር ለሠርግ የሰጠሁት ስጦታ ግማሽ መሆኑ ነው። ገንዘቡን ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ለልጆቼ ቸኮሌት ገዛሁበት። ብድሩን እስከ ዛሬ አልመለስኩም። ፖስታው ግን አለ፤ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ክሩን መልሼ ልቋጥረው ሞክሬ አልሆነልኝም።